በሌሊት የተጎበኘ ቅጥር

ሰውዬው ኢየሩሳሌም ከገባ ሦስት ቀኑ ነው። ንጉሡ የጻፈለት ደብዳቤ በእጁ ነው፤ የጦር አለቆችና ፈረሰኞች አጅበውታል። ሌላ ሹም ቢሆን በማግሥቱ ነጋሪት አስጎስሞ ሕዝቡን ይሰበስብ ነበር። ነህምያ ግን ዝም አለ። ሌሊት ተነሣና ጥቂት ሰዎች አስከትሎ፣ ከተቀመጠባት እንስሳ በቀር ሌላ ሳያስነዳ፣ በሸለቆው በር ወጣ። ወደ ጕድፍ መጣያው በር ወረደ። የፈረሰውን ድንጋይና እሳት የበላውን መዝጊያ እያየ እስከ ምንጩ በርና እስከ ንጉሡ ኩሬ ደረሰ። እዚያ ፍርስራሹ ከመከመሩ የተነሣ እንስሳዋ ማለፊያ አጣች። በሸለቆው ሽቅብ ወጣ፤ የቀረውን አየና በወጣበት በር ተመለሰ። ካህናቱም፣ መኳንንቱም፣ ነገ ድንጋይ የሚሸከሙትም ሰዎች የት ውሎ የት እንዳደረ አላወቁም።

ስለ አመራር የሚጽፉና የሚሰብኩ ሰዎች ነህምያን አብዝተው ይወዱታል። የሚወዱት ቅጥሩን በ52 ቀን በመጨረሱ ነው። እኔ ግን በዚህች ሌሊት ነው የምወደው። ራእይ ያለው ሰው ሲባል ዓይነ ኅሊናችን ላይ የሚመጣው ተራራ ጫፍ ቆሞ አድማስ የሚያይ ሰው ነው። ይህ ሰው ወደ ታች ነው ያየው። ለዚያውም ቆሻሻ መጣያው በኩል።

ቃሉ ራሱ ከግእዙ ‹ርእየ› የመጣ ነው፤ አየ ማለት ነው። አሁን አሁን የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ሁሉ በዐይኑ ዐ ‹ራዕይ› እያለ ይጽፈዋል። የቋንቋ መምህራን በዚህ ይበሳጫሉ። እኔ ግን ስሕተቱን ይቅር ልል ይቃጣኛል፤ ስለ ማየት የሚናገር ቃል ዐይን ቢገባበት ሰው ምን ያድርግ? ያስቸገረኝ ከፊደሉ ይልቅ ቃሉ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቢሮ ሲሻገር በመንገድ ላይ የጣለው ነገር ነው።

በብዙ አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ በብዙ የሥልጠና ጽሑፍ መግቢያ ላይ የማይጠፋ አንድ ጥቅስ አለ፤ የመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 29 ቁጥር 18። አንባቢዬ በቃሉ ሳያውቀው አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ግማሹ ነው። ስለ ሕግ ጠባቂ የሚናገረው ሁለተኛው ግማሽ ሠልጣኝ ፊት ሲቀርብ ይቆረጣል። በዕብራይስጡ ራእይ የተባለው ‹ሐዞን› ነው፤ የኢሳይያስ መጽሐፍ የሚከፈትበት ቃል። ለነቢይ ከላይ የሚመጣለት ነው እንጂ የአምስት ዓመት ዕቅድ አይደለም። እሱ ሲጠፋ ሕዝቡ ምን ይሆናል ለሚለው የተመረጠው ግሥ ደግሞ የተፈታ ጠጉር የሚነገርበት ግሥ ነው። ሙሴ ከተራራው ሲወርድ በወርቁ ጥጃ ዙሪያ ያገኘው ሕዝብም በዚሁ ግሥ ነው የተገለጸው። ተርጓሚዎቻችን ‹መረን› ብለው መመለሳቸው ጆሯቸው ንቁ እንደነበር ያሳያል። ያ ሕዝብ ሰነፍ አልነበረም፤ ማልዶ ተነሥቷል። ድኻም አልነበረም፤ የጆሮ ወርቁን አውጥቶ ሰጥቷል። መሪም አላጣም፤ ካህኑ አሮን መካከሉ ነበር፤ ጥጃውንም የሠራው እሱ ራሱ ነው። የጎደለው ጉልበቱንና ወርቁን አንድ ላይ የሚያስር ነገር ነበር።

ያው ‹ሐዞን› በቀዳማዊ ሳሙኤል ሦስተኛው ምዕራፍ መግቢያ ላይም አለ፤ በዚያ ዘመን ብርቅ እንደነበረ ይነግረናል። ከዚያ ተከትሎ የምንሰማው የካህኑን የዔሊን ዓይን መፍዘዝ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን እንዲሁ አላስቀመጣቸውም። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብንል ቤቱ እንዴት እንደነበር እናያለን። ሰው መሥዋዕት ይዞ ይመጣል፤ ሥጋው ሲቀቀል የካህኑ ሎሌ ባለ ሦስት ጣት ሜንጦ ይዞ ብቅ ይላል፤ ድስቱ ውስጥ ይሰዳል፤ ሜንጦው ያወጣው ሁሉ የካህኑ ልጆች ነው። ጥሬውን በግድ የሚወስዱበትም ጊዜ ነበር። ዔሊ ሰምቷል፤ ተቆጥቷልም። ያደረገው ግን የለም። በመንፈሳዊ መሪነት ላይ ራእይ መጥፋቱን ለማወቅ ስብከቱን መስማት ብዙም አይረዳም፤ ስብከት የራሱ ልማድ ስላለው ይቀጥላል። ድስቱን ማየት ይሻላል። በዛሬ ቋንቋ ሙዳየ ምጽዋቱ በስንት ሰው ፊት እንደሚከፈትና እንደሚቆጠር መጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ በአንድ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ አንሥቼ ስለ ትሕትና ረጅም ትምህርት ተሰጥቶኛል። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ መልሱን ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ስለ ሌላው ብቻ እንዳልናገር የራሴንም ልጨምር። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ራእያችሁንና ተልእኳችሁን ጻፉ የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ለሦስት ቀን አዳማ ወረድን፤ ውሎ አበል ተከፈለን። አሠልጣኙ ራእይ አጭር፣ የሚያነሣሣና የሚለካ መሆን አለበት ብሎ በየጠረጴዛው ትልልቅ ነጭ ወረቀትና ባለ ቀለም እስክሪብቶ አደለን። ከሻይ በፊት ‹በምሥራቅ አፍሪካ ተመራጭ› ነበርን። ከምሳ በኋላ ወደ ‹አፍሪካ› አደግን። በመጨረሻው ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አውጥቶ ‹ለምን በዓለም አንልም?› አለ፤ ቤቱ አጨበጨበ። ዓረፍተ ነገሩ በአብረቅራቂ ሰሌዳ ተጽፎ ከበሩ በላይ ተሰቀለ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ጠዋት ስገባ፣ ፋይላቸው ጠፍቶ ለስንተኛ ጊዜ እንደተመላለሱ የማላውቅ አንዲት እናት ከሰሌዳው ሥር ቆመው ዘበኛችንን ይጠይቃሉ።

‹‹ወንድሜ፣ ይኼ የተጻፈው ምን ይላል?››

ዘበኛው ጋሼ ኮፍያቸውን ገፋ አድርገው ሽቅብ አዩት። ከዚያ በተለመደው ረጋ ባለ ድምፃቸው፣

‹‹ነገ ተመለሱ ነው የሚለው፣ እማማ›› አሏቸው።

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ያ ከኋላ ወንበር እጁን ያወጣው ሰው እኔ ነበርኩ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ስለ ዓለም ስናወራ፣ ከመካከላችን አንድም ሰው የመዝገብ ቤቱን መደርደሪያ ሄዶ አላየም። መደርደሪያው አንድ ፎቅ ወደ ታች ነበር። ዶሴው በዓመት ይሁን በስም እንደሚደረደር ሁለቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ራሳቸው አይስማሙም ነበር። ይህን ያወቅሁት እኒያን እናት ይዤ ስወርድ ነው።

ወደ ነህምያ ልመለስ፤ ምክንያቱም ሰውዬው ቄስም ነቢይም አልነበረም። የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር፤ ለእኛ አገር ሰው ግብር ቤትን ስለሚያውቅ ይህ ማዕርግ ትርጉም ያስፈልገዋል ብዬ አላስብም። ንጉሡ የሚጠጣውን ቀድሞ የሚቀምስ፣ ከንጉሡ ጆሮ አጠገብ የሚቆም የታመነ ባለሟል ነው። ዘመኑ የንጉሡ 20ኛ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 445 ገደማ ነው። ወንድሙ አናኒ ከይሁዳ ሲመጣ ስለ አገሩ የጠየቀው እሱ ራሱ ነው። በተመቸው ቤተ መንግሥት ውስጥ ሆኖ ስለ ፈረሰ አገር መጠየቅ በራሱ የሚያስመሰግን ነው፤ ያልጠየቀ ሰው አይጨነቅም። መልሱን ሲሰማ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ከወሬው እስከ ንጉሡ ጥያቄ ድረስ አራት ወር ያህል አለፈ።

አራቱን ወር ያለቀሰበት ብቻ አይደለም። ንጉሡ ፊቱ መጥቆሩን አይቶ ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው መልሱ ዝግጁ ነበር። የሚቆይበትን ጊዜ ቆርጦ ነገረው። ከወንዙ ማዶ ላሉ ገዥዎች የማለፊያ ደብዳቤ ጠየቀ። ለበሮቹ የሚሆን እንጨት ከንጉሡ ጫካ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ የጫካው ሹም ስሙ አሳፍ መሆኑን ሳይቀር ያውቅ ነበር። ጸሎትና የእንጨት ሒሳብ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ያለ ጠብ አብረው አደሩ። መንፈሳዊና ዓለማዊ አመራር ሁለት የተለያዩ ዛፎች እንደሆኑ አድርገን ስንከራከር ይህን ሰው የት እንደምናስቀምጠው አላውቅም። በኋላ ሕዝቡ በውኃው በር አደባባይ ተሰብስቦ ሕጉ ሲነበብለት፣ ከእንጨት በተሠራው መድረክ ላይ የቆመው ካህኑ ዕዝራ ነው። ነህምያ እዚያ ላይ አልወጣም።

ከሌሊቱ ጉብኝት በኋላ ለሕዝቡ ተናገረ፤ ንግግሩ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሦስተኛው ምዕራፍ ሰው ሁሉ ዘሎት የሚያልፈው ነው፤ የስም ዝርዝር ስለሆነ። እኔም ለብዙ ዓመት ዘልዬዋለሁ። ተቀምጦ ላነበበው ግን መጽሐፉን የተሸከመው እሱ ነው። ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብና ካህናቱ የበጎችን በር ይዘዋል። ወርቅ አንጥረኞች አሉ፤ ሽቱ ቀማሚ አለ፤ እጃቸው ድንጋይ የማያውቅ ሰዎች ናቸው። ሰሎም የሚባል የግማሽ ኢየሩሳሌም አለቃ ከሴቶች ልጆቹ ጋር ይገነባል። እየደጋገመ የሚመጣው ሐረግ ደግሞ እያንዳንዱ በቤቱ ፊት ለፊት መሥራቱን የሚናገረው ነው። ቤት የሌለው፣ አንዲት ክፍል ብቻ ያለችው ሰው እንኳ በክፍሉ ፊት ለፊት ያለውን ይዟል። የከተማ ቅጥር ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሰው ብቻውን አያስበውም። የገዛ ደጁ ፊት ያለው ሽንቁር ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው ነው። ነህምያ ሌሊቱን የዞረው ይህን ለመደልደል ይመስለኛል።

ያልሠሩትም ተጽፈዋል። የቴቁሐ ሰዎች ሁለት ቦታ ሲሠሩ ታላላቆቻቸው አንገታቸውን ለሥራው አላዘነበሉም። ከ2,400 ዓመት በላይ ቆይቶ ዛሬም ይነበብባቸዋል።

ሥራው መሃል ላይ ሳለ ግን ከውጭ ከተቃዋሚዎቹ ከሰንባላጥና ከጦብያ ፌዝ የከበደ ነገር ከውስጥ ተነሣ። እህል ጠፍቶ ድኻው እርሻውንና ወይኑን በብድር አሲዟል፤ ልጆቹን ለባርነት ሰጥቷል፤ አበዳሪዎቹ ደግሞ አብረውት ድንጋይ የሚያነሡ ወገኖቹ ናቸው። አሁን ጊዜው አይደለም፣ ቅጥሩ ይለቅ ማለት ይቻል ነበር። ትልቅ ራእይ የያዘ መሪ ሁሉ የሚወዳት ዓረፍተ ነገር ናት። ነህምያ ጉባኤ ጠራና መኳንንቱን ገሠጸ፤ በዚያው ንግግር እኔም ወንድሞቼም አበድረናል ብሎ ራሱን ከተከሳሾቹ ጋር ቆጠረ። ለገዥ የሚገባውንም ቀለብ 12 ዓመት ሙሉ አልበላም።

ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ከቋራ ተነሥቶ ኋላ ቴዎድሮስ የተባለው ካሣ ነው።

ዳግማዊ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ያዩትን የሚስተካከል ነገር በዘመናቸው ማንም አላየም። በየመሳፍንቱ የተበጣጠሰው አገር በአንድ ዘውድ ሥር መሆን እንዳለበት፣ ባላገሩን እየዘረፈ የሚኖር ወታደር በደመወዝ ማደር እንዳለበት፣ መንገድና መድፍ የአውሮፓ ሀብት ብቻ መሆን እንደሌለበት አይተዋል። በመንገድ ሥራ ላይ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ንጉሥ ናቸው። እንግዲህ ሰነፍም፣ ሩቅ ተቀምጦ አዛዥም አልነበሩም።

ከቤተ ክህነት ጋር የተጋጩበትን ነገር ብቻ እንይ። የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ብዙ ነበር፤ በደብሩ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ለገበሬ ተሰጥቶ ግብር ይክፈልበት፣ ሠራዊቱም ከዚያ ይደር አሉ። በሒሳብ ደረጃ የሚያስኬድ ነው። ለደብተራው፣ ለመሪጌታው፣ ለቅኔ ተማሪው ግን ያ መሬት የደጁ ፊት ነበር፤ በአዲሱ አገር ውስጥ የእሱ ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ ማንም አልነገረውም። ቴዎድሮስን ቀብተው ያነገሡት አቡነ ሰላማ በመጨረሻ መቅደላ ታሥረው እዚያው ዐረፉ። በአንድ ዘመን የተነሡ ሁለት መሪዎች፣ አንዱ የመንግሥት አንዱ የመንፈስ፣ በአንድ አምባ ላይ አሣሪና እሥረኛ ሆነው ቀሩ።

ከዚያ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ መጣ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ተሠራ። ንጉሡ ሲያዩት ምን ያህል እንደተደሰቱ መገመት አያዳግትም፤ ራእያቸው ሊዳሰስ ሊጨበጥ ችሏል። ግን በዚያው ወቅት ሠራዊታቸው እየከዳ፣ ግዛታቸው ወደ ደብረ ታቦር ዙሪያ እየጠበበ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጉዞ ወደ መቅደላ ተጀመረ። መድፉ በሠረገላ ላይ ሆኖ በሰው ጉልበት ይሳባል፤ ፊት ፊቱ መንገድ ይቆረጣል፤ ገደሉ ላይ ሲደርስ በገመድ ወደ ኋላ እየተያዘ ይወርዳል፤ ከገደሉ ማዶ ደግሞ ዳገት ይጠብቃል። ስድስት ወር ያህል ፈጀ። የሠሩት መንገድ የሚያስደንቅ ነው፤ ንጉሡን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ሰዎች ሳይቀሩ አድንቀውታል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

የቴዎድሮስ ራእይ ስሕተት ነበር የሚል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም፤ እኔም አልልም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያ ገመድ ነው። ገመዱን ከሚጎትቱት መካከል መድፉ መቅደላ ሲደርስ ለራሱ ቤት ምን እንደሚጠቅመው የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር? በዚያው በመቅደላ አሥር ዓመት ገደማ በግዞት ያደገ አንድ ልጅ ግን የንጉሡን አገዛዝ በቅርብ ሲመለከት ኖሯል። ያ ልጅ ምኒልክ ነው። ከነገሡ በኋላ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ፈረሙ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.፣ እሳቸው ከሞቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የቴዎድሮስ ነገር ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መጨረስ ነበረበት፤ ምኒልክ ግን መጨረሻውን ሳያዩት የሚቀር ነገር መጀመር ችለዋል።

ከዚህም የረዘመ ትዕግሥት የማውቀው በቤተ ክህነት በኩል ነው። ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸው፣ በአራተኛው መቶ ዘመን ከእስክንድርያው አትናቴዎስ ጵጵስና ከተቀበሉ ወዲህ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን የምታገኘው ከግብፅ ነበር። አንድ ጳጳስ፣ ለዚያ ሁሉ አገር። ያ ሰው ሲሞት ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። መልእክተኛ ወርቅ ይዞ በረሃ ይሻገራል፤ የግብፅ ገዥ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ዓመታት ያልፋሉ። እስከዚያ ድረስ ዲያቆን የሚሾም የለም፤ ታቦት የሚባርክ የለም፤ ንጉሥ የሚቀባ የለም። በየገጠሩ ያለው ቄስ ሲያረጅ የሚተካው ልጅ ድቁና የሚቀበልበት አጥቶ ይቀራል። ከግብፅ የሚመጡት አባት የአገሩን ቋንቋ ሳያውቁ ነው የሚደርሱት።

ነገሩ እንዲለወጥ የሚፈልጉ ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በአንድ ጊዜ አራት ጳጳሳት በማስመጣት ቀዳዳውን አጠበቡት። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ላይ ጵጵስና ተቀበሉ፤ በማግሥቱ ዓመት አምስተኛው ተጨመሩ። ነገር ግን ሌላ ጳጳስ መሾም እንዳይችሉ ሆነው ነበር። ያ ትውልድ ያገኘውን ግማሽ ተቀብሎ ቀጠለ። ከነዚያ ከአራቱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ወደቁ።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙ ሰው አያነሣውም። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ቤተ ክርስቲያኗን ከእስክንድርያ ለየሁ ብሎ በራሱ አሳብ ሊቀ ጳጳስ አስሾመ። ለዘመናት የተመኙት ነገር በአንድ አዋጅ ተገኘ ማለት ነው። እስክንድርያ አወገዘች። ነፃነት ሲመለስ አገሪቱ ያንን አቋራጭ ይዛ መቀጠል ትችል ነበር፤ ቁጣም ምክንያትም አልጠፋም። ንጉሠ ነገሥቱና አባቶች ግን ከእስክንድርያ ጋር እንደገና ወደ ድርድር ተመለሱ። ሐምሌ 1940 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ። ጥር 1943 ዓ.ም. ቀድሞ እጨጌ የነበሩት አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. በካይሮ ፓትርያርክ ተባሉ። ከአባ ሰላማ እስከዚያ 1,600 ዓመት ገደማ ነው። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛው የራእይ ሥራ የተሠራው አቋራጩ በተተወበት ወቅት ነው። እነዚያ ሰዎች የሚፈልጉት ማዕርጉን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጣሊያን ሰጥቷቸው ነበር። የፈለጉት ግን ገጠር ላለው ዲያቆን የሚደርስ፣ ማንም ‹የማን እጅ ነው የተጫነብህ?› ብሎ የማይጠይቀው ክህነት ነው።

በዚያው ዘመን በዓለማዊው በኩል የተጀመረ ሌላ ነገር አለ። ከጦርነቱ ገና የወጣች፣ መንገዷ ያላለቀ አገር ታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. አየር መንገድ አቋቋመች። ቲ.ደብሊው.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንዲያስተዳድረው ውል ተያዘ። ከጦሩ የተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ተገዙ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። ቅንጦት ነው ያለ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ከጅምሩ የታሰበው ሥራውን ኢትዮጵያውያን እንዲረከቡት ነበር። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ ሆኑ። ዋና ሥራ አስኪያጅነቱን ኢትዮጵያዊ፣ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ፣ የያዙት በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። 25 ዓመት መሆኑ ነው፤ በዚህ መካከል የተሠራው ሥራ ጥገና ቤትና ትምህርት ቤት ነው፤ ጋዜጣ ላይ የማይወጣ ሥራ።

አየር መንገዱ በኋላ እንደኛው መሥሪያ ቤት ራእይ ጽፏል፤ ‹ራእይ 2010›፣ ከዚያ ‹ራእይ 2025›፣ አሁን ደግሞ ‹ራእይ 2035›፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሰሌዳ ላይ የተሰቀለ ራእይ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ስለማልችል ነው የማነሣው። ቁጥሩ ለጥገናው፣ ለጭነቱ፣ ለምግብ ዝግጅቱ፣ ለአካዳሚው እየተከፋፈለ የየክፍሉ ድርሻ ሆነ። 100ኛው አውሮፕላን የገባው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኮሮና መጣና አብዛኛው የዓለም አውሮፕላን መሬት ላይ ቆመ። ያን ጊዜ በቦሌ የጥገና ሠራተኞች መንገደኛ የሚጭኑ አውሮፕላኖች ውስጥ ገብተው ወንበር መንቀል ጀመሩ። የአውሮፕላን ወንበር ወለሉ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ነው የሚታሰረው፤ ተፈትቶ፣ በር በበር ወጥቶ፣ ተቆጥሮ መቀመጥ አለበት። ባዶው ወለል ላይ ካርቶን ተደርድሮ በመረብ ታሰረ፤ አውሮፕላኑ ዕቃ ጭኖ ተነሣ። መፍቻውን የያዘው ልጅ እንዴት እንደሚፈታ ከአሜሪካ ቴክኒሻን እስኪመጣ አልጠበቀም። የዚያ ምክንያት ሰባ ዓመት ወደ ኋላ ነው።

ነህምያን የተውነው ቅጥሩ ላይ ነው። የመጽሐፉ መጨረሻ እዚያ ቢሆን ለሰባኪም ለአሠልጣኝም በተመቸ ነበር፤ ግን አይደለም። ቅጥሩ ከተሠራ ከ12 ዓመት በኋላ ወደ ንጉሡ ተመለሰ፤ ቆይቶ ፈቃድ ጠይቆ እንደገና ኢየሩሳሌም መጣ። ሲደርስ ቅጥሩ እንደቆመ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ሆኗል። ካህኑ ኤልያሴብ የእህሉ ቍርባን፣ ዕጣኑና ንዋያቱ ይቀመጡበት የነበረውን ሰፊ ክፍል ለጦብያ ሰጥቶታል፤ ቅጥሩን ቀበሮ ቢወጣበት ይፈርሳል ብሎ ላላገጠው ለዚያው ጦብያ። ድርሻቸው የቀረባቸው ሌዋውያንና መዘምራን ደግሞ አገልግሎቱን ትተው ወደየእርሻቸው ሄደዋል።

ነህምያ የጦብያን የቤት ዕቃ አንድ በአንድ ወደ ውጭ ወረወረ። ክፍሎቹን አስጠረገ፤ ንዋያቱንና ዕጣኑን መለሰ። ሌዋውያኑን ከየእርሻቸው አስጠርቶ በየቦታቸው አቆመ። ከዚያም አንድ ካህን፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ሌዋዊ መርጦ፣ ረዳት ጨመረላቸውና በጎተራው ላይ ሾማቸው፤ ሥራቸው ለወንድሞቻቸው እህል ማካፈል ነበር።